ጀርባዋን ስንቆጥር አፏን የረሳናት ኤሊ

እስቲ ለአፍታ ወደ ትምህርት ቤት ልመልሳችሁ። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ይላኩ የነበሩ ዕቃዎች» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ዝርዝር አለ፦ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የኤሊ ቅርፊት። ፈተና ላይ ይመጣል ስለተባለ ሁላችንም በቃላችን ሸምድደነዋል። እኔም ሸምድጄ ፈተናውን አልፌያለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለመሆኑ የትኛዋ ኤሊ?

ያኔ የማውቃት ኤሊ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከቁጥቋጦ ወጥታ ቀስ እያለች መንገድ የምታቋርጠው፣ ሲነኳት ራሷን ወደ ውስጥ የምትሰበስበው የየብስ ኤሊ። የሮም ሀብታሞች ለዚያች ድንጋይ ለምትመስል ነገር ብለው ባሕር አቋርጠው ይመጡ ነበር ብሎ ማሰብ ግራ ያጋባል። እኔ ግን ግራ እንኳን አልተጋባሁም። ዝርዝር ነው፣ ይሸመደዳል፣ በቃ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ድኅረ ምረቃ ላይ የምህንድስና ቁሶችን ሳጠና፣ ስለ ተፈጥሮ ፕላስቲኮች የሚያወራ ንባብ ውስጥ ድንገት ያችኑ ኤሊ አገኘኋት። የየብስ ኤሊ አይደለችም። በኮራል ሪፍ ዙሪያ የምትኖር የባሕር ኤሊ ናት። በእንግሊዝኛ ስሟ ሆክስቢል ትባላለች፤ የጭልፊት መንቆር እንደማለት ነው። አፏ ሾጠጥ ብሎ ወደታች የታጠፈ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለችው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት የእሷን ታሪክ ነው። ስሟ የተሰየመው በአፏ ነው፤ የሰው ልጅ ግን ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል የተመለከተው ጀርባዋን ብቻ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጋዴው ምን ጻፈ?

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ በሮም ግዛት ሥር ከነበረችው ግብፅ የተነሳ፣ በግሪክኛ የሚጽፍ አንድ ነጋዴ ነበር። ስሙን አልነገረንም። የሚያውቀውን ግን አልደበቀንም፤ ከግብፅ ወደቦች ተነስቶ ቀይ ባሕርን ወርዶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካና እስከ ሕንድ ድረስ የትኛው ወደብ ላይ ምን እንደሚሸጥ፣ ምን እንደሚገዛ፣ የቱ ጋ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ አስፍሯል። መጽሐፉ «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» ይባላል። በዛሬ አነጋገር የመርከበኞችና የነጋዴዎች መመሪያ ልንለው እንችላለን። «የኤርትራ ባሕር» ሲል ደግሞ ቀይ ባሕርን ብቻ አይደለም፤ ያኔ ስሙ የሕንድ ውቅያኖስንም ይጨምር ነበር።

አዱሊስ የነበረችው በዛሬዋ ኤርትራ፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። ነጋዴው መካከለኛ መንደር አድርጎ ይገልጻታል። ከእሷ የሦስት ቀን መንገድ ሲኬድ ቆሎኤ የምትባል የደጋ ከተማ ይደረሳል፤ ከዚያ ሌላ አምስት ቀን ሲኬድ አክሱም። ዞስካሌስ የሚባል ንጉሥ እንደነበረ፣ የግሪክን ጽሑፍ እንደሚያውቅ፣ ገንዘብ ላይ ግን እጁ ጠበቅ ያለ እንደነበር ሳይቀር ይነግረናል።

ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ከአዱሊስ ወዲያ አላላዩ የሚባሉ ትናንሽ አሸዋማ ደሴቶች አሉ ይላል፤ ተመራማሪዎች ከዳህላክ ደሴቶች ጋር ያገናኟቸዋል። የኤሊ ቅርፊቱ የሚገኘው እዚያ ነው። ወደ ገበያ የሚያመጡትም «ዓሣ በሎች» ብሎ የሚጠራቸው የባሕር ዳርቻ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። የዝሆን ጥርሱ የመጣው ከመሀል አገር፣ ቆላና ደጋ ተሻግሮ ነው። የኤሊ ቅርፊቱ ግን ከፊት ለፊት፣ ከውኃው ውስጥ ነው። እኔ በልጅነቴ የሸመደድኩት ዝርዝር ሁሉንም በአንድ መስመር ስለደረደራቸው ሁሉም ከአንድ ጫካ የወጡ መስለውኝ ነበር። አዱሊስ ግን ሁለት እጅ ነበራት፤ አንዱ ወደ ደጋው፣ አንዱ ወደ ሪፉ የተዘረጋ።

ፔሪፕለስን እስከ መጨረሻው ብታነቡት የኤሊ ቅርፊት ደጋግሞ ብቅ ይላል። ዛሬ ሶማሊያ ውስጥ ባለችው በራስ ሐፉን አካባቢ የነበረችውን ኦፖኔ የምትባል ወደብ ሲጠቅስ የእሷ ቅርፊት ከሌላው ቦታ የተሻለ ነው ይላል። ወደ ደቡብ ወረድ ሲል ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በባሕሩ መተላለፊያ አፍ ላይ ቅርጫት አስረው ኤሊ እንደሚያጠምዱ ይተርካል። ልክ ዛሬ የቡና ነጋዴ «ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳማ» ብሎ እንደሚለየው እሱም ቅርፊትን በመጣበት ቦታ ይለያል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይሄ ሁሉ እውቀት ግን ስለ ጀርባዋ ነው። ኤሊዋ ምን ትበላለች? ለምን እዚያ ደሴት ዙሪያ ትገኛለች? ነጋዴው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የኖረው ግሪካዊው አጋታርኪደስ ትንሽ ይሻላል። የራሱ መጽሐፍ ባይተርፍም ሌሎች ጸሐፊዎች ብዙውን ክፍል ገልብጠው አቆይተውልናል። እሱ «ኤሊ በሎች» ስለሚባሉ የደሴት ሰዎች ጽፏል። ኤሊዎቹ ሌሊት ጥልቁ ውስጥ ምግብ ሲፈልጉ አድረው፣ ቀን ቀን በደሴቶቹ መሀል ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይተኛሉ፤ ሰዎቹም ድምፅ ሳያሰሙ ዋኝተው ይደርሱና ገልብጠው በገመድ አስረው ይጎትቷቸዋል። ሥጋውን ይበላሉ፣ ትልልቁን ጀርባ ደግሞ እንደ ጀልባና እንደ ጎጆ ክዳን ይጠቀሙበታል ይላል። አያችሁ? ሥጋዋን የሚበሉት ሰዎች ቢያንስ እሷም የምትበላ ፍጥረት መሆኗን አስተውለዋል። ቅርፊቷን የሚሸጠው ሰው ግን ይሄም አላስፈለገውም።

አልጋ የለበሰችው ኤሊ

ቅርፊቱ ከአዱሊስ ተጭኖ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሰሜን። በቀይ ባሕር የግብፅ ዳርቻ ላይ ሁለት ትልልቅ ወደቦች ነበሩ፤ ደቡብ ላይ በረኒከ፣ ሰሜን ላይ ሚዮስ ሆርሞስ። እዚያ ይራገፋል፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ ዓባይ ይደርሳል፣ በዓባይ ወደ እስክንድርያ ይወርዳል፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሮም ይገባል።

ሮም ላይ ምን ይሠራበታል መሰላችሁ? አልጋ! ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ (በ79 ዓ.ም ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ነው) እንደሚለው፣ ካርቪሊየስ ፖሊዮ የሚባል ሰው የኤሊ ቅርፊትን በስሱ እየሰነጠቀ አልጋና የዕቃ ማስቀመጫ በላዩ ማልበስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፋሽን ሆነ። ፕሊኒ ስለ አዱሊስም ጽፏል፤ የንግድ ዕቃዎቿን ሲቆጥር የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ ዝንጀሮ መሰል እንስሳትና ባሪያዎችን ይዘረዝራል። አዎ፣ ሰውም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። የንግድ ዝርዝር እንዲህ ነው፤ ዋጋ ያለውን ሁሉ እኩል በአንድ ረድፍ ያቆመዋል። ስለ ሕይወቱ አይጠይቅም።

ከፕላስቲክ በፊት የነበረ ፕላስቲክ

እዚህ ጋ የምህንድስና ሰውነቴ ይነሳብኛልና ትንሽ ታገሡኝ። ለምን የኤሊ ቅርፊት? እንጨት አለ፣ ቆዳ አለ፣ ነሐስ አለ።

የባሕር ኤሊ ጀርባ ሁለት ንብርብር አለው። ከሥር አጥንት ነው፤ የጎድን አጥንቷና የጀርባ አከርካሪዋ ራሳቸው ተስፋፍተው ተጋጥመው የሠሩት። ስለዚህ ኤሊ ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች የሚባለው ነገር ልክ አይደለም፤ ቤቷ ራሷ ናት። የባሕር ኤሊ ደግሞ እንደ የብሷ ኤሊ ራሷን ወደ ውስጥ መሰብሰብ አትችልም። ከአጥንቱ በላይ ግን እንደ ቤት ክዳን የተነባበሩ ሰሌዳዎች አሉ። በሆክስቢል ጀርባ ላይ ትልልቆቹ 13 ናቸው። ነጋዴው የሚፈልገው እነዚህን ነው።

የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኬራቲን ሩቅ አይደለም፤ ጥፍራችሁ ኬራቲን ነው፣ ፀጉራችሁ ኬራቲን ነው፣ የበሬ ቀንድ ውጫዊው ክፍል ኬራቲን ነው። ገላችሁን በሙቅ ውኃ ከታጠባችሁ በኋላ ጥፍር መቁረጥ እንደሚቀል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ውኃና ሙቀት ኬራቲንን ያለሰልሱታል። የኤሊን ሰሌዳ የፈላ ውኃ ውስጥ ስትከቱት እንደ ወፍራም ቆዳ ይለሰልሳል። በቅርጽ ማውጫ ተጭናችሁ ስታቀዘቅዙት የሰጣችሁትን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። የበለጠ የሚገርመው፣ ሁለት ቁራጭ በሙቀት አጣብቃችሁ ብትጫኑ ያለ ሙጫ አንድ ይሆናሉ። አገራችን ውስጥ ከቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ የኬራቲን ባሕርይ ነው።

በዛሬ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ባሕርይ ቴርሞፕላስቲክ እንለዋለን፤ ሲሞቅ የሚለሰልስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር። በዚያ ላይ የሆክስቢል ሰሌዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ማር የመሰለና ቡና የመሰለ ቀለም ተቀላቅሎበት ሲወለወል ያበራል። እንግዲህ ፕላስቲክ ባልነበረበት ዓለም ቅርጽ የሚቀበል፣ የሚበየድ፣ ቀላልና የሚያምር ቁስ ነበር ማለት ነው። አልጋ ብቻ አይደለም፤ ከዘመን ዘመን ሚዶ፣ ሣጥን፣ የመነጽር ፍሬም፣ የጌጣጌጥ ዕቃ ተሠርቶበታል።

እንደ መሐንዲስ ሳየው አደንቀዋለሁ። ችግሩ ይሄ ነው፤ እኛ ቁስ ስንመርጥ የምንጠይቀው «ምን ይሠራልኛል?» ብለን ነው። «እዚያ የነበረበት ቦታ ላይ ምን ይሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

በመርከቡ መንገድ ላይ ያለችው የባሕር ወሽመጥ

ስለዚህ ያንን ጥያቄ ለመመለስ ወደ መርከቡ መንገድ እንመለስ። በበረኒከና በሚዮስ ሆርሞስ መካከል፣ በዛሬዋ የግብፅ ከተማ ማርሳ ዓለም አቅራቢያ፣ አቡ ደባብ የምትባል የባሕር ወሽመጥ አለች። ዛሬ ከመላው ዓለም የሚመጡ ጠላቂዎች የሚሰለፉባት ቦታ ናት። ከአዱሊስ ቅርፊት ጭኖ ወደ ሚዮስ ሆርሞስ የሚወጣ መርከብ በዚህችው ዳርቻ በኩል ማለፉ አይቀርም።

ወሽመጧን በሐሳባችሁ ሳሏት። ግራና ቀኝ ኮራል ሪፍ አለ፤ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረቡ በኖራ የገነቡት የባሕር ውስጥ ግንብ ነው። መሀል ላይ አሸዋ አለ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ የባሕር ሣር በቅሏል። ሣር ስላችሁ በምሳሌ አይደለም፤ አበባ የሚያብብ፣ ሥር ያለው እውነተኛ ተክል ነው።

ሣሩ ላይ የምታገኟት አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ናት። አዋቂዋ ከ100 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ሆዷን አሸዋው ላይ አድርጋ፣ እንደ ከብት ራሷን ዝቅ አድርጋ ትግጣለች። ጥቂት ትግጥና አየር ለመሳብ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትተነፍስና ተመልሳ ትወርዳለች። «አረንጓዴ» የተባለችው በቅርፊቷ ቀለም ሳይሆን ከቆዳዋ ሥር ባለው አረንጓዴ ስብ ነው። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ሆዷን ከፍተው ያዩ ናቸው ማለት ነው።

ሆክስቢልን ከፈለጋችሁ ግን ወደ ኮራሉ ጠጋ ማለት አለባችሁ። እሷ አነስ ትላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 70 ኪሎ። ያንን የጭልፊት መንቆሯን ኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ትከትና በፊት ክንፎቿ ድንጋዩን ተደግፋ ትጎትታለች። ፍርፋሪ ለመልቀም የሚከተሏት ባለቀለም ዓሦች ብዙ ጊዜ በዙሪያዋ ይታያሉ፤ በሬ የሚያርስበትን እርሻ ተከትለው ትል የሚለቅሙ ወፎችን ያስታውሱኛል።

ምንድን ነው ከዚያ ስንጥቅ የምታወጣው?

መስታወት የምትበላዋ

መልሱ በሚገባ የታወቀው በ1988 ነው። አን ሜይላን የተባለች የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የካሪቢያን ሆክስቢሎች ሆድ ውስጥ የተገኘውን ምግብ መርምራ ውጤቷን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አሳተመች። ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ስፖንጅ ነበር።

ስፖንጅ ስንል ዕቃ የምናጥብበትን አይደለም። ወንጌል ላይ ሆምጣጤ የተነከረበት «ሰፍነግ» አለ አይደል? እሱ ነው፤ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ውኃ እያጣራ የሚመገብ እንስሳ። ብዙዎቹ ስፖንጆች አካላቸው ውስጥ ከሲሊካ የተሠሩ ጥቃቅን መርፌዎች አሏቸው። ሲሊካ የመስኮት መስታወት የሚሠራበት ነገር ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ መርዝ አላቸው። መርፌና መርዝ የታጠቀ ምግብ ማን ይደፍራል? ጥቂት እንስሳት ብቻ። ሆክስቢል አንዷ ናት። ሥጋዋን የበሉ ሰዎች አንዳንዴ ተመርዘው የሚሞቱትም ከምትበላው ነገር የተነሳ ነው ተብሎ ይታሰባል። በቀይ ባሕር ደግሞ ከስፖንጅ ሌላ ለስላሳ ኮራል ስትቦጭቅ ጠላቂዎች ያያሉ።

አሁን እንደ መሐንዲስ አስቡት። ሪፍ ላይ ትልቁ ሀብት ቦታ ነው። ኮራልም ስፖንጅም የሚያድጉት ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ነው፤ ለአንዲት ስንዝር ቦታ ይፋለማሉ። ብዙ ስፖንጆች ከኮራል ይልቅ ፈጥነው ስለሚያድጉ ኮራሉን ሸፍነው ሊያፍኑት ይችላሉ። ሆክስቢል ስፖንጁን በቦጨቀች ቁጥር ለኮራሉ ትንሽ ቦታ ትከፍታለች፣ ውስጡን ደግሞ ለሌሎች ዓሦች ትገልጥላቸዋለች። አረንጓዴዋም እንዲሁ ናት። የምትግጠው ሣር ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ አዲሱ ቅጠል ደግሞ ከአሮጌው ይልቅ ለስላሳና በናይትሮጅን የበለጸገ ነው። አንዷ ግንቡን ታርማለች፣ አንዷ መስኩን ታጭዳለች።

እንግዲህ ቀኖቹን አስተያዩልኝ። ቅርፊቷ ወደብ ላይ ተመዝግቦ የምናገኘው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ነው። አፏ ምን እንደሚሠራ በሥርዓት የተመዘገበው በ1988። በመሀል ያለው ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ነው። ዓይን አጥተን አይደለም፤ የምናየው ዋጋ የተጻፈበትን ስለነበረ ነው።

ሂሳቡ ስንት መጣ?

በዚህ መሀል ምን ያህል ኤሊ ተገደለ? ስለ ጥንቱ ዘመን መቁጠሪያ የለንም። ስለ ቅርቡ ግን አለ። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት የቆዩ የንግድና የጉምሩክ መዝገቦችን ሰብስቦ ከ1844 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሆክስቢሎች ለቅርፊታቸው ሲባል እንደተገደሉ ገምቷል። ቁጥሩ ሲበዛ ለአእምሮ ስለሚከብድ አካፈልኩት። በቀን ከ160 በላይ ነው፤ በየሰዓቱ ሰባት ገደማ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ለ148 ዓመታት።

ከአንዲት ኤሊ የሚገኘው ሰሌዳ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ለመተካት ግን አዲሷ ኤሊ ለመውለድ እስክትደርስ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ እንቁላል አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ ከሺህ ጫጩት ለአዋቂነት የምትደርሰው አንድ ብትሆን ነው ይባላል። አንድ ማሽን ሲሰበርበት ለመተካት 20 ዓመት የሚጠብቅ ፋብሪካ አስቡ፤ በዚያ ላይ በየሰዓቱ ሰባት ማሽን የሚነቀልበት። የሚዘጋበትን ቀን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ቴክኖሎጂ አላዳናትም ወይ? ብትሉ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1870 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድ የሚባለውን ፕላስቲክ ለገበያ አበቃ። ከተሠሩበት ዕቃዎች አንዱ ሚዶ ነው፤ የኤሊ ቅርፊት እንዲመስል ቀለም እየተቀባ። እንደ ሙያዬ ቢሆን «ችግሩ በምህንድስና ተፈታ» ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን አልሆነም። ርካሹ ለብዙኃኑ ሆነ፣ እውነተኛው ደግሞ «እውነተኛ» በመሆኑ ብቻ ይበልጥ ተፈለገ። ከላይ የነገርኳችሁ የ148 ዓመት ቆጠራ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ ያለው ነው።

ያዳናት ሌላ ዝርዝር ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት በ1975 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1977 ሆክስቢል በየትም ብትገኝ ለንግድ ድንበር እንዳታቋርጥ ከሚከለክለው ሰንጠረዥ ውስጥ ገባች። የኤሊ ቅርፊት ሥራ የረጅም ዘመን ባህላዊ ጥበቧ የሆነው ጃፓን ግን ለራሷ የተለየ ሁኔታ አስመዝግባ ማስገባቷን ቀጠለች፤ ያቆመችው በ1992 መጨረሻ ነው። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ሆክስቢል «እጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ያለች» በሚለው የዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ምድብ ውስጥ ትገኛለች።

ዛሬስ?

ዛሬ ጥሩም መጥፎም ዜና አለ። ጥሩው፣ ቅርፊቷን በይፋ የሚነግድ ወደብ አለመኖሩ ነው። አሁንም በሕይወት ያለች፣ ስትበላ የምትታይ ኤሊ ለአንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ እንጀራ ሆናለች። እንደ አቡ ደባብ ባሉ ቦታዎች ጠላቂዎች ሆቴል የሚይዙት፣ ጀልባ የሚከራዩት ይሄንን ለማየት ብለው ነው። በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋዋ የተለጠፈው ጀርባዋ ላይ ሳይሆን አፏ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መጥፎው፣ የተለጠፈ ዋጋ ሁሉ አደጋ አለው። ሃያ ሠላሳ ሰው በአንዴ ሲከባት መብላቷን ትታ ትሄዳለች። አየር ለመሳብ ስትወጣ በላይዋ የሚዋኝ ሰው ከዘጋባት ትጨነቃለች። የዓሣ መረብ ይይዛታል። እንቁላሉ የተቀበረበት አሸዋ በጣም ሲሞቅ የሚፈለፈሉት በብዛት ሴቶች ብቻ ይሆናሉ፤ የጫጩቱ ፆታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነውና። ደግሞ ያ ቅርፊቷን ይተካል የተባለው ፕላስቲክ ዞሮ ባሕር ውስጥ ጠበቃት። በዓለም ላይ ካሉት ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች በሁሉም ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። የእኔ ሙያ የሠራው ነገር ነውና ይሄን ስጽፍ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ምናልባት «እኛ ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ግን ይህን ከምታነቡት መካከል በጅዳ፣ በኤላት፣ በዱባይ የምትኖሩ፣ ወይም ነገ የምትሄዱ አላችሁ። የኤላት ሪፍ ላይ ሆክስቢል ትታያለች። አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ካገኛችኋት ጥቂት ሜትር ራቅ በሉ፣ ከፊቷ አትቁሙ፣ ከላይዋ አትዋኙ፣ አትንኳት። ዝም ብላችሁ ስትበላ ተመልከቷት። የባሕር ዳርቻ ሱቅ ውስጥ ማርና ቡና የተቀላቀለ የሚመስል፣ «የእውነት የኤሊ ነው» የተባለ አምባር ወይም ሚዶ ካቀረቡላችሁ ደግሞ አትግዙ። በሕግም ድንበር ማሻገር አትችሉም።

ባሕር አጠገብ ላልሆናችሁት ደግሞ ሌላ የቤት ሥራ አለኝ። ቀጣዩን የታሪክ ፈተና ስታጠኑ ያችን ዝርዝር እንደገና አውጧት። እያንዳንዱ ቃል አጠገብ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ይሄ ነገር ዕቃ ከመሆኑ በፊት፣ እዚያው በነበረበት ቦታ፣ ምን ይሠራ ነበር? ዝሆኑ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት፣ አውራሪሱ ቀንዱ ከመቆረጡ በፊት፣ ባሪያ የተባለው ሰው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት። ፈተናው ላይ አይመጣም። እኔ ግን ያኔ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ብዬ የምቆጨው ይህንን ነው።

ከዚያ ደግሞ የዛሬውን ዝርዝር ውሰዱ፤ አሁን ከየአገሩ እየተጫነ ወደ ውጭ የሚሄደውን፣ ወደ እኛም የሚመጣውን። እዚያስ ውስጥ ጀርባውን ቆጥረን አፉን ያልጠየቅነው ምን አለ?